ሲሞከር የሚጮኽ፣ ሲፈለግ ዝም ያለ ጡሩምባ

ሞተር ሳይክሉ ወደ እኔ የመጣው ሁለት ሕመም ይዞ ነው። ባለቤቱ እንዳስረዱኝ አዲሱ የአየር ጡሩምባ ተቃጥሏል፤ "በዚያው ዕለት ደግሞ ግጥምጥሞሽ ሆነና የኋላ የፍሬን መብራቴ ጠፋ" አሉኝ። በኤሌክትሪክ ሥራ ውስጥ "ግጥምጥሞሽ" የሚል ቃል ስሰማ ጆሮዬ ይቆማል። በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሞቱ ሁለት ዕቃዎች አብዛኛውን ጊዜ ገዳያቸው አንድ ነው።

ጡሩምባውን ፈትቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥሁና በሁለት ወፍራም ሽቦዎች በቀጥታ ከባትሪ አገናኘሁት። ሳህን ውስጥ የነበሩት ብሎኖች እስኪንቀጠቀጡ ድረስ ጮኸ። ባለቤቱ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ጡሩምባው ፍጹም ጤነኛ ነበር።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ባለቤቱ ወደ ስድሳ ዓመት የተጠጉ፣ ረጅም መንገድ መጓዝ የሚወዱ ሰው ናቸው። ሞተር ሳይክላቸው 1200 ሲሲ የሆነ፣ ትልቅ የነፋስ መከላከያ መስታወትና በሁለቱ ጎኖቹ የዕቃ ሣጥኖች ያሉት የረጅም ጉዞ ሞተር ነው። ከፋብሪካው ጋር የመጣው ክላክስ ግን ለዚያ ቁመናው የሚመጥን አልነበረም፤ የልጆች ብስክሌት ድምፅ ይመስላል። መስኮቱን ዘግቶ ሬዲዮ የከፈተ ሾፌር አይሰማውም። ስለዚህ አየር የሚገፋው ኮምፕሬሰሩና ድምፅ የሚያወጡት ሁለቱ ቀንዶቹ በአንድ አካል የተሠሩለት የአየር ጡሩምባ ገዙ። የነባሩን ክላክስ ሁለት ሽቦዎች ነቅለው በአዲሱ ላይ ሰኩ። ጫፎቹ ልክ ገቡ። ቁልፉን ሲጫኑት ጮኸ፤ ሥራው አለቀ።

ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት ያህል ጠዋት ጠዋት ከመነሣታቸው በፊት አንድ ጊዜ "ጢጥ" ያደርጉታል፤ ይጮኻል፤ ይሄዳሉ።

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ገደማ እየነዱ ወደ አንድ መስቀለኛ መንገድ ሲቃረቡ፣ ከፊት ለፊት የሚመጣ መኪና ወደ ግራው ሊታጠፍ ድንገት መንገዳቸውን ዘጋ። ሁለቱንም ፍሬን ያዙ፤ በግራ አውራ ጣታቸው የክላክሱን ቁልፍ ተጭነው አልለቀቁም። ጡሩምባው ለአንድ ሰከንድ ያህል አጓራና ዝም አለ። መኪናው ለራሱ ዐይቷቸው ቆመ። ከኋላቸው ያለው ሌላ መኪና ግን የቆመው ጎማው እየተንጫጫ፣ ከሣጥኖቻቸው በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበር። ሾፌሩ ወርዶ "የፍሬን መብራትዎ እኮ አይበራም!" ብሎ ጮኸባቸው። ሰው አልተጎዳም። ጡሩምባ ያስገጠሙት ከፊታቸው ያለው ሰው እንዲሰማቸው ነበር፤ ያ ጡሩምባ ከኋላቸው ያለው ሰው እንዳያያቸው አደረገ።

እንዲህ ያለው አጋጣሚ ብርቅ አይደለም። በአሜሪካ የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ሃሪ ኸርት ቡድናቸውን ይዘው በሎስ አንጀለስ አካባቢ 900 የሞተር ሳይክል አደጋዎችን በቦታው ተገኝተው መርምረው ነበር። በ1981 በወጣው ሪፖርታቸው መሠረት ሞተር ሳይክልና መኪና ሲጋጩ በአብዛኛው ጥፋቱ ቅድሚያ የነሣው የመኪናው ነው፤ ሾፌሩም ሞተር ሳይክሉን አላየውም ወይም ያየው ዘግይቶ ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ ግን ሌላው ግኝት ነው፦ ነጂው አደጋውን ለማምለጥ በአብዛኛው ከ2 ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ብቻ ነው ያለው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በ2 ሰከንድ 33 ሜትር ይጓዛል። በዚያች ጊዜ ውስጥ ክላክስ ምን ይሠራል ቢባል፣ ከፍሬን በኋላ የሚመጣ ነገር ነው ባይ ነኝ። በሞተር ሳይክሌ ላይ የአየር ጡሩምባ የሌለኝም ለዚህ ነው። ሆኖም ሌላው እንዳያስገጥም አልከለክልም። የሚገጠም ከሆነ ግን ፍሬኑን እንዳይነካ ሆኖ ነው መገጠም ያለበት።

የፊውዝ ሣጥኑን ከፈትሁት። ከመክደኛው ጀርባ ያለው ሥዕል ክላክሱና የፍሬን መብራቱ በአንድ ባለ 10 አምፔር ፊውዝ እንደሚሠሩ ያሳያል። ቀዩን ፊውዝ ነቅዬ ወደ መብራት አዞርሁት። በሁለቱ እግሮቹ መካከል ያለችው ቀጭን ድልድይ መሐሏ ላይ ተበጥሳ፣ በሁለቱ ጫፎች ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል የቀለጠ ብረት ጠብታ ቀርታለች። ፕላስቲኩ አልጠቆረም። የሽቦዎች መነካካት የሚያፈነዳው ፊውዝ ብዙ ጊዜ ውስጡ ጥላሸት ይለብሳል፤ እንዲህ በንጽሕና የቀለጠው ግን ከአቅሙ በላይ ተሸክሞ ቀስ እያለ የሞቀ ነው።

ባለቤቱ በዚህ ጊዜ ከደረት ኪሳቸው አንድ ቢጫ ፊውዝ አወጡ። ባለ 20 ነው። "ይኼን ብናስገባለትስ?"

"ጋሼ፣ ፊውዙ የተቀመጠው ሽቦውን ሊጠብቅ ነው። ይህን ካስገባን በሚቀጥለው ጊዜ የሚቀልጠው ሽቦው ራሱ ነው፤ ሽቦው ደግሞ የሚያልፈው በነዳጅ ታንኩ ሥር ነው።"

ቢጫውን መልሰው ኪሳቸው ከተቱትና ጉዳዩን ሁሉ የፈታውን ጥያቄ ጠየቁኝ። "ታዲያ ልጄ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዴት ጮኸ?"

መልሱ በሂሳብ ይገኛል። ነባሩ ክላክስ 3 አምፔር ገደማ ይስባል። በዚህ ሞተር ላይ ሁለት የፍሬን አምፖሎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው 21 ዋት፣ በ12 ቮልት ሁለቱ በድምሩ 3.5 አምፔር። አንድ ላይ 6.5 አምፔር ይሆናል፤ ለ10 አምፔር ፊውዝ ቀላል ሸክም ነው። የአየር ጡሩምባው ግን ውስጡ ኮምፕሬሰር የሚያዞር ሞተር አለው። በነባሩ ሽቦ ላይ እንደ ተሰካ ስለካው 16 አምፔር ሳበ፤ ገና ሲነሣ ደግሞ ለቅጽበት ከዚያ በላይ ነው። የፍሬን አምፖሎቹ ሲጨመሩ 19.5 ይሆናል፤ የፊውዙ አቅም እጥፍ ገደማ ማለት ነው።

ፊውዝ ግን ገደቡ ባለፈ ቅጽበት አይቆርጥም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፊውዝ የምትሞቅ ብረት ናት፤ ለመሞቅም ጊዜ ትፈልጋለች። የዚህ ዓይነቱ ባለ ሁለት እግር የተሽከርካሪ ፊውዝ የአቅሙ እጥፍ ሲያልፍበት ከ0.15 እስከ 5 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ እንዲቀልጥ ተደርጎ ነው የሚሠራው። ከእጥፍ ባነሰ ሸክም ደግሞ ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። የጠዋቷ "ጢጥ" ሩብ ሰከንድ ብትሆን ነው፤ በዚያ ላይ ፍሬን አልተያዘም። ፊውዟ ትሞቃለች፣ ቁልፉ ይለቀቃል፣ ትቀዘቅዛለች። በማግስቱም እንደዚያው። የጠዋቱ ሙከራ ጡሩምባው የሚፈለግበትን ሁኔታ አይመስልም ነበር፤ በመስቀለኛው መንገድ ላይ ቁልፉ ተይዞ ቀረ፣ የፍሬን መብራቱም በርቶ ነበር። ሦስት ሳምንት የተደረገው ሙከራ ሁሉ ያረጋገጠው ጡሩምባው ለሩብ ሰከንድ እንደሚጮኽ ብቻ ነው።

አንድ ሌላ ነገርም ነበር። አዲስ ባለ 10 ፊውዝ አስገብቼ፣ የቴስተሩን ሁለት መርፌዎች በጡሩምባው ጫፎች ላይ አድርጌ ለአንድ አፍታ ተጫንሁት። ሞተሩ ተነሥቶ በባትሪው ላይ 13.6 ቮልት ነበር፤ ጡሩምባው ጋ የደረሰው ግን 10.1 ቮልት ነው። የቀረው 3.5 ቮልት በመንገድ ቀርቷል፦ ከመርፌ ክር ብዙም በማይወፍረው የፋብሪካው ሽቦ፣ በቁልፍ ማስነሻው፣ በክላክሱ መጫኛ ውስጥ ባሉት ትንንሽ መነካኪያዎች። ኮምፕሬሰሩ ቮልት ሲያጣ በዝግታ ይዞራል፤ የሚያመነጨው አየርም ድምፁም ይደክማል። ባለቤቱ ገንዘባቸውን ያወጡት ለትልቅ ድምፅ ቢሆንም ለሦስት ሳምንት የሰሙት የተዳከመውን ነበር።

ስለ ድምፅ ከተነሣ በሣጥኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ልጥቀስ። "139 ዴሲቤል" ይላል በትልቁ። ከሥሩ በጥቃቅን ፊደል "በ10 ሴንቲ ሜትር ርቀት" ይላል። ጡሩምባ አፍ ላይ ጆሮውን የሚደቅን ሰው የለም። ድምፅ በገላጣ ቦታ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። በዚህ ስሌት 139 የተባለው በ2 ሜትር ርቀት ላይ 113፣ በ7 ሜትር ደግሞ 102 ገደማ ይሆናል። የነባሩ ክላክስ ጀርባ ላይ የታተመው 105 ነው፤ የተለካው ግን በ2 ሜትር ነው። ስለዚህ እውነተኛው ልዩነት 139 ሲቀነስ 105 ሳይሆን 113 ሲቀነስ 105፣ ማለትም 8 ዴሲቤል ነው። የሰው ጆሮ "እጥፍ ሆነ" የሚለው በ10 ዴሲቤል ጭማሪ አካባቢ ስለሆነ ጡሩምባው በሙሉ ጉልበቱ ሲጮኽ እንኳን ከነባሩ እጥፍ አይሞላም። ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ትንሽ ጨፈገገ። ሆኖም የድምፁ ዓይነትም ይለያያል፤ ሁለቱ ቀንዶች አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን ድምፅ በአንድነት ስለሚያወጡ የከባድ መኪና ይመስላል፤ ሰውም የከባድ መኪና ድምፅ ሲሰማ ዘወር ይላል።

ሌላው ያገኘሁት ጉድለት ከኤሌክትሪክ ጋር አይገናኝም። ጡሩምባው የተሰቀለው በነባሩ ክላክስ ቀጭን የብረት ዘለበት ላይ ነበር። ያ ዘለበት ሆን ተብሎ የሚወዛወዝ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ነባሩ ክላክስ ራሱ እየተንቀጠቀጠ ስለሚጮኽ ልል ማንጠልጠያ ይፈልጋል። ነባሩን ብመዝነው 210 ግራም ነበር፤ አዲሱ 480። ዘለበቱ በታጠፈበት ቦታ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ጀምሮ ነበር። ከሥሩ ያለው የፊት ጎማ ነው። ከዚህ በላይ አልተናገርሁም፤ ባለቤቱም ስንጥቁን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ዳሰሱትና ዝም አሉ።

የጥገናው ሐሳብ አጭር ነው፦ ትልቁ ኃይል ከባትሪ በቀጥታ ወደ ጡሩምባው ይሂድ፤ የፋብሪካው ሽቦ ደግሞ "አሁን ጩኽ" የሚል ትእዛዝ ብቻ ይስጥ። ይህን የሚሠራው ሪሌ ነው፤ በትንሽ ኃይል ታዝዞ ትልቁን ኃይል የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ ማለት ነው። አራት እግር ያለው ባለ 40 አምፔር ሪሌ ወሰድሁ። እግሮቹ ላይ 30፣ 87፣ 85 እና 86 የሚሉ ቁጥሮች አሉ። 30 ከባትሪው ፖዘቲቭ ይመጣል፤ 87 ወደ ጡሩምባው ፖዘቲቭ ይሄዳል፤ 85 እና 86 ትእዛዙን የሚቀበለው የውስጡ የሽቦ መጠምጠሚያ ሁለት ጫፎች ናቸው። የጡሩምባው ኔጋቲቭ በቀጥታ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ ተመለሰ። በሞተሩ አካል ላይ ማሰር ይቻል ነበር፤ ቀለምና ዝገት ያለበትን ብሎን ማመን ግን አልወድም።

ለ85 እና ለ86 የነባሩን ክላክስ ሁለት ሽቦዎች መስጠት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደናገራል። በአንዳንድ ሞተሮች መጫኛው የሚቆርጠው ፖዘቲቩን ነው፤ በሌሎቹ ኔጋቲቩን። በዚህኛው የሞተሩ ማስነሻ ቁልፍ ሲከፈት አንደኛው ሽቦ ሁልጊዜ ፖዘቲቭ አለው፤ መጫኛው ሲነካ ኔጋቲቩ ይገናኛል። አንዱን ብቻ ወስዶ ሌላውን የሪሌ ጫፍ በግምት ከአካሉ ጋር ያሰረ ሰው በዚህ ሞተር ላይ ቁልፉን ገና ሲከፍት ጡሩምባው ይጮኽና አይቆምም ነበር። ሁለቱንም ሽቦዎች ወደ ሪሌው የወሰደ ግን የትኛውም ዓይነት ቢሆን አይቸገርም። መጠንቀቅ ያለበት ውስጡ ዳዮድ (ኃይልን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) ያለው ሪሌ ከሆነ ብቻ ነው፤ ያኔ ፖዘቲቩ ወደ 86 መግባት አለበት።

መጠምጠሚያው 88 ኦም ለካ፤ በ13.6 ቮልት 0.15 አምፔር ይስባል ማለት ነው። ለአየር ጡሩምባው ሲል የክላክሱ መጫኛ የሚሸከመው ከ16 አምፔር ወደዚህ ወረደ። መጫኛውን ስፈታው የመዳብ መነካኪያዎቹ ጠቁረው፣ አንደኛው በነጠብጣብ ተበልቶ ነበር። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ሳስሼ መለስሁት።

ሽቦው 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ነው፤ ደርሶ መልሱ 2.4 ሜትር ሆነ። ፊውዙን ከባትሪው በአንድ ስንዝር ርቀት ላይ አደረግሁ፤ ምክንያቱም ከፊውዙ በፊት ያለ ሽቦ ጠባቂ የለውም። ባለ 25 አምፔር መረጥሁ። ጡሩምባው በአዲሱ መስመር 19 አምፔር ይስባል፤ 20 ቢሆን ዳር ላይ ነው፣ 30 ደግሞ ለዚህ ሽቦ ይበዛል። ጫፎቹን ሁሉ በመጨፍለቂያ ፒንሳ አስሬ በሙቀት የሚኮማተር ላስቲክ አለበስኋቸው። ሽቦ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ለቤት መብራትም አይበጅም፤ ለሚንቀጠቀጥ ሞተር ፈጽሞ።

ነባሩን ክላክስ አልጣልሁትም። የተሰነጠቀውን ዘለበት ቀይሬ ወደ ቦታው መለስሁትና ከሪሌው መጠምጠሚያ ጎን ለጎን አገናኘሁት። የአየር ጡሩምባ ኮምፕሬሰሩ እስኪዞር ድረስ ለቅጽበት ይዘገያል፤ ነባሩ ግን በተነካበት ቅጽበት ይጮኻል። 2 ሰከንድ ብቻ ላለው ሰው ያቺ ቅጽበት ዋጋ አላት። አዲሱ መስመር አንድ ቀን ቢበጠስ እንኳን ነጂው ድምፅ አልባ አይሆንም።

አዲሱን ጡሩምባ ለማስቀመጥ የፈጀው ጊዜ ከሽቦው ሥራ ይበልጣል። ኮምፕሬሰሩ ቀጥ ብሎ መቆም፣ የቀንዶቹ አፍ ደግሞ ወደ ፊትና ትንሽ ወደ ታች ማዘንበል አለበት፤ ያለዚያ ዝናብ ይጠራቀምበታል። ከራዲያተሩ ፊት ቢሆን ነፋስ ይከለክላል። በመጨረሻ በግራ በኩል ካለው የፕላስቲክ ሽፋን ጀርባ ባዶ ቦታ ተገኘ። ከ4 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም ማቀፊያ ቆርጬ በሁለት ብሎን አሰርሁት። ከዚያም የፊቱን አሞርዛተር በሲባጎ እስከ መጨረሻው ጎትቼ አጎበጥሁና መሪውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም እስኪቆም አዞርሁት። በጡሩምባውና በፓራፋንጎው መካከል 18 ሚሊ ሜትር ቀረ። ሞተሩ ቆሞ ሳለ ያለው ክፍተት አያሳምነኝም፤ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ያለውን ነው ማየት የምፈልገው።

ፍተሻውን ያደረግነው እንደሚፈለግበት ሁኔታ ነው፤ ሞተሩ ተነሥቶ፣ የፊት መብራቱ በርቶ፣ ፍሬኑ ተይዞ፣ የጆሮ መድፈኛ አድርገን። ቁልፉ ለ5 ሰከንድ ይያዛል፣ ይለቀቃል፣ እንደገና ይያዛል፤ አሥር ጊዜ። ባለቤቱ ከኋላ ሆነው የፍሬኑን መብራት እንዲያዩ አደረግሁ፤ አልጠፋም። ጡሩምባው ጋ የደረሰው 13.1 ቮልት ነበር። በባለ 10 ፊውዙ የሚያልፈው አሁን ነባሩ ክላክስ፣ ሪሌውና የፍሬን መብራቱ ሲደመሩ 6.7 አምፔር ነው። "ባትሪውን አይጨርስብኝም?" ብለው ጠየቁ። 19 አምፔር ያስፈራል፤ ግን ለ3 ሰከንድ ነው፤ ሞተር ማስነሣት ራሱ ከዚያ እጅግ ይበልጣል።

ሕጉንም አይተናል። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 28 በሚሠራባቸው አገሮች ከ7 ኪሎ ዋት በላይ ጉልበት ያለው ሞተር ሳይክል ክላክሱ ከፊት በ7 ሜትር ርቀት ሲለካ ከ112 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይፈለጋል፤ ድምፁም ያልተቋረጠና ወጥ መሆን አለበት። በስሌታችን 102 ስለሆነ ከገደቡ በታች ነው። እንደ አምቡላንስ የሚዋዥቅ ወይም ዜማ የሚያወጣውን ግን ደንቡ አይቀበለውም። እንዲያም ሆኖ በእግረኛ አጠገብ ይህን ጡሩምባ መንፋት ነውር ነው፤ በ2 ሜትር ርቀት ያለ ሰው ጆሮ ላይ የሚወርደው 113 ዴሲቤል ነው።

ከስድስት ወር በኋላ ለዘይት ቅየራ ሲመጡ ሁሉንም እንደገና ለካሁት። ጡሩምባው ጋ የሚደርሰው 12.6 ቮልት ሆኖ አገኘሁት፤ ግማሽ ቮልት ጠፍቷል። ሪሌውን ፈተሽሁ፣ ጫፎቹን ፈተሽሁ። በመጨረሻ የባትሪው ፖዘቲቭ ብሎን በጣት የሚንቀሳቀስ ሆኖ ተገኘ። ግማሽ ዙር አጠበቅሁት፤ ቁጥሩ ወደ 13.1 ተመለሰ። ባለቤቱ እያዩኝ ከጎን ሣጥናቸው አንድ ጥንድ የጭጋግ መብራት አወጡ።

"ከዚያችው ሪሌ ላይ ትወጣለች አይደል?"

"አትወጣም ጋሼ" አልኳቸውና ሌላ ሪሌ ፍለጋ መሳቢያውን ከፈትሁ።